መልሱ ከመምጣቱ በፊት

ታሪክን፣ ሥነ ጽሑፍንና የጌም ዲዛይንን በአንድ ቻናል ላይ አጣምሮ ማስተማር አያዋጣም የሚል ምክር በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ምክሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለ አንድ ጦርነት ለመስማት የመጣ ተመልካች በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሱፐር ማሪዮ የሚያወራ ቪዲዮ ሲያገኝ ፊቱን ሊያዞር ይችላል፣ የዩቲዩብ አልጎሪዝምም ቪዲዮውን ለማን እንደሚያቀርብ ግራ ይገባዋል። ያም ሆኖ ሦስቱን ለመለያየት አልፈለግሁም፤ በሠራሁ ቁጥር ሦስቱም ወደ አንድ ጥያቄ ይመልሱኛልና። ተመልካቹ መልሱን ከመስማቱ በፊት የራሱን ግምት የሚይዝበት ፋታ አግኝቷል ወይስ አላገኘም? ይህን ጥያቄ መጠየቅ የተማርኩት ደግሞ ከሦስቱ መካከል ብዙ ሰው ከቁም ነገር ከማይቆጥረው ከጌም ዲዛይን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የመጀመሪያ ደረጃ እንዴት እንደሚጀምር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ማሪዮ በስክሪኑ ግራ በኩል ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ቆሟል፤ ከፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ነው። «ወደ ቀኝ ሂድ» የሚል ጽሑፍ የትም አይታይም፣ ወደ ቀኝ የማይሄድ ተጫዋች ግን የለም ማለት ይቻላል። ጥቂት እንደተራመደ የጥያቄ ምልክት ያለበት የሚያብለጨልጭ ሳጥን ከበላዩ ይታየዋል፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ጉምባ የሚባለው ፊቱን ያኮሳተረ ፍጡር እያዘገመ ይመጣበታል። ቆሞ የጠበቀ ይሞታል፤ የሚያጣው ግን የጥቂት ሴኮንድ ጉዞ ብቻ ስለሆነ ሞቱ ትምህርት እንጂ ቅጣት አይሆንበትም። የዘለለ ደግሞ ወይ ጉምባውን ያልፈዋል፣ ወይ ይረግጠዋል፣ ወይም ሳጥኑን ከሥር መትቶ ሳንቲም ያወጣል። ከሌላው ሳጥን እንጉዳይ ይወጣና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፣ ከቧንቧው ጋር ተላትሞም ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። ከጉምባው ትምህርት ያገኘ ሰው ይህንንም ሊሸሽ ይሞክራል፤ ከላይ የተደረደሩት ጡቦች ግን ዝላዩን ስለሚያሳጥሩበት አብዛኛውን ጊዜ መነካካታቸው አይቀርም፣ ሲነካውም ከመሞት ይልቅ ያድጋል። የጨዋታው ንድፍ አውጪዎች ሽገሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ በዚህች አጭር ርቀት ያስተማሩት ነገር በጽሑፍ ቢዘረዘር ሙሉ ገጽ ይፈጃል፤ ተጫዋቹ ግን መማሩን እንኳ ሳያስተውል አልፎታል።

ቪዲዮ ይህን ማድረግ አይችልም። ተመልካቹ የሚጫነው ቁልፍ የለውም፣ ተሳስቶ የሚወድቅበት ጉድጓድም የለውም። ማስተማሪያ ቪዲዮን እንደ ጨዋታ ማድረግ ይቻላል የሚሉ ሰዎችን ስሰማ ብዙም አላምናቸውም፤ ነጥብና ሽልማት መለጠፍ የጨዋታን ልብስ ማልበስ ብቻ ነው። ከጨዋታ ሊወሰድ የሚችለው ቅደም ተከተሉ ነው፦ በመጀመሪያ ሁኔታው፣ ቀጥሎ ግምቱ፣ ከዚያ ውጤቱ፣ ማብራሪያው ደግሞ በመጨረሻ። አብዛኛው ማስተማሪያ ቪዲዮ የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ማብራሪያውን አስቀምጦ ቀሪውን ጊዜ በምሳሌ ያጅበዋል። እንዲህ ያለው ቪዲዮ ግልጽ ነው፣ አያደክምም፣ ለማየትም ደስ ይላል።

ግልጽነት ብቻውን ግን ትምህርት አይደለም። ዛሬ ቬሪታሲየም በተባለው ቻናሉ የሚታወቀው ዴሬክ ሙለር በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ በ2008 ባጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናቱ ይህንኑ በፊዚክስ ቪዲዮዎች ፈትሾታል። ትክክለኛውን ሳይንስ ብቻ በቀጥታ ያስረዳውን ቪዲዮ ያዩ ተማሪዎች ግልጽና ለመረዳት ቀላል መሆኑን ቢናገሩም የፈተና ውጤታቸው እምብዛም አልተሻሻለም፤ ሰው በብዛት የሚይዘውን የተሳሳተ አስተሳሰብ አንስቶ የሞገተውን ቪዲዮ ያዩት ግን ግራ እንደተጋቡ እየተናገሩ የበለጠ ተማሩ። ጥናቱ የፊዚክስ ነው፣ ወደ ታሪክና ወደ ልብ ወለድ በቀጥታ አይተላለፍም። እኔን የጠቀመኝ ግን ስለ እያንዳንዱ ርዕስ «ተመልካቹ ምን ይዞ ይመጣል?» ብዬ ስክሪፕቱን ከመጀመሬ በፊት እንድጠይቅ ማድረጉ ነው።

ለጌም ዲዛይን ርዕሶች መልሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ተመልካቹ ሁሉም ነገር ሆን ተብሎ የታቀደ ይመስለዋል። በ1978 ስለወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ ስናገር፣ ጠላቶቹ ቁጥራቸው በቀነሰ መጠን ለምን እየፈጠኑ እንደሚሄዱ እጠይቅና ምስሉን ለጥቂት ሴኮንዶች ያለ ትረካ አስኬደዋለሁ። ንድፍ አውጪው ጨዋታውን እያከበደው ነው ብሎ የማይገምት የለም። እውነቱ ግን ማሽኑ የሚስላቸው ምስሎች ሲቀንሱለት ሥራውን ቶሎ ይጨርስ የነበረ መሆኑ ነው፤ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ያደረገው ይህን አይቶ እንዳለ መተው ነው። አጋጣሚን አውቆ መተውም ንድፍ መሆኑን በሌላ መንገድ ለማስረዳት ብሞክር ይህን ያህል አይገባም።

በታሪክ ጉዳዩ ይከብዳል። ተመልካቹ ይዞት የሚመጣው ስሕተት የዓመተ ምሕረት ወይም የስም ስሕተት ቢሆን ኖሮ ማረም ቀላል ነበር። ከዚያ ይልቅ የሆነው ሁሉ መሆኑ አይቀርም ነበር የሚል ስሜት ነው። ተራኪው ፍጻሜውን ያውቃል፣ የጀርባ ሙዚቃው ፍጻሜውን ያውቃል፣ የቪዲዮው ርዕስ እንኳ ፍጻሜውን አስቀድሞ ይናገራል፤ የማያውቁት በድርጊቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የሜሪ ሼሊ ልብ ወለድ የሆነው የፍራንከንስታይን አጻጻፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ታሪክም ሥነ ጽሑፍም በመሆኑ ብዙ ቪዲዮ ተሠርቶበታል። በኤፕሪል 1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በሱምባዋ ደሴት የሚገኘው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ወደ ላይኛው ከባቢ አየር የወጣው ሰልፈር የፀሐይን ብርሃን ስለቀነሰ በ1816 በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሞቃት መሆን የነበረበት ወቅት ሳይሞቅ አለፈ፣ ሰብል ተበላሸ፣ ረኃብም ተከተለ። በጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ የነበሩት ሎርድ ባይረን፣ ፐርሲ ሼሊ፣ ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪና በኋላ ሜሪ ሼሊ የተባለችው የ18 ዓመት ወጣት በዝናቡ ምክንያት ከቤት ሳይወጡ ይውሉ ነበር፤ ባይረንም ሁላችንም የሙት መንፈስ ታሪክ እንጻፍ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ፍራንከንስታይን በጃንዋሪ 1818 ያለ ደራሲ ስም ታተመ። ለአኒሜሽን ከዚህ የተመቸ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል፦ ተራራው ይፈነዳል፣ አመዱ ሉልን ያዳርሳል፣ ካሜራው ዝናብ ወደሚመታው የጄኔቫ መስኮት ይወርዳል።

ሆኖም በዚያ መስኮት ሥር ከተቀመጡት ሰዎች አንዱም ዝናቡ ከታምቦራ እንደመጣ አያውቅም ነበር። የዚያን ዓመት ብርድ ከእሳተ ገሞራው ጋር ያያያዘው ሳይንስ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1816 ሰው ያወራ የነበረው በፀሐይ ላይ በዓይን ስለሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ነበር፤ ፀሐይ እየጠፋች ነው የሚል ፍርሃት በአንዳንድ ቦታዎች ተሰራጭቶ ነበር፣ ባይረን ራሱም በዚያው ጁላይ የፀሐይን መጥፋት የሚያልም ግጥም ጽፏል። ቪዲዮውን ከዝናቡና ከነጠብጣቦቹ ብንጀምረው ተመልካቹ በ1816 ዓይን ያያል፤ ለፀሐይዋ ምን እንደደረሰባት የራሱን መላምት ይፈጥራል፣ ታምቦራ ሲመጣም እንደ መልስ ይመጣል። ከእሳተ ገሞራው ብንጀምር ግን ልብ ወለዱ የፍንዳታው ተፈጥሯዊ ውጤት ይመስላል፤ ያን ዓመት በዝናብ የተቀመጠው ሕዝብ ግን ስፍር ቁጥር የለውም።

ሌላም የሚጠፋ ነገር አለ። ሜሪ ሼሊ በ1831 እትም መግቢያ ላይ እንደተናገረችው፣ ሌሎቹ ሲጽፉ እርሷ ለቀናት አንድም ሐሳብ ሊመጣላት አልቻለም ነበር። ሐሳቡ የመጣላት ባይረንና ሼሊ ስለ ሕይወት ምንጭ ሲወያዩ ካዳመጠች በኋላ፣ ሌሊት እንቅልፍ ባጣችበት ሰዓት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም የመጀመሪያ ልጇ በተወለደች በቀናት ውስጥ ሞታባት ነበር። ዝናቡ እነዚህን ሰዎች በአንድ ክፍል ሰበሰባቸው እንጂ መጽሐፉን አልጻፈውም። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻላል፤ ግን ስክሪኑ ላይ የፈነዳ ተራራ ካለ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን የሚሰማው የለም።

ምስል ትረካን የማሸነፍ ኃይል እንዳለው ማንም ኤዲት ያደረገ ሰው ያውቀዋል። ናፖሊዮን በሜይ 1800 የታላቁን ሴንት በርናርድ መተላለፊያ የተሻገረው በበቅሎ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን ዣክ ሉዊ ዳቪድ የሳለውን፣ በሁለት እግሩ በቆመ ፈረስ ላይ ካባው በነፋስ የሚውለበለብበትን ሥዕል ነው። ፖል ዴላሮሽ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ በቅሎዋን ሳላት፣ ግን ዝናው የፈረሱን ያህል አልሆነም። በትረካ «በበቅሎ ነበር» እያልኩ የዳቪድን ሥዕል ባሳይ ፈረሱ ያሸንፈኛል። ስለዚህ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ለእውነቱ እንደሚቀርብ ተመልካቹ እንዲወስን እተወዋለሁ፣ ዳቪድ ለምን ፈረስ እንደሳለ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በማንኛውም የታሪክ ቪዲዮ ላይም ሥዕል ሲመጣ ማን በስንት ዓመቱ እንደሳለው በስክሪኑ ጥግ መጻፍን እንደ ግዴታ ቆጥሬዋለሁ፤ አንዳንዶች ዓይን ይረብሻል ይሉታል፣ እኔ ግን መረበሹን እፈልገዋለሁ።

በሥነ ጽሑፍ ደግሞ ምስሉ ጨርሶ ባይኖር የሚሻልበት ጊዜ አለ። ፍራንዝ ካፍካ በ1915፣ ወደ ነፍሳት ስለተለወጠ ሰው የሚተርከው ልብ ወለዱ ሜታሞርፎሲስ በመጽሐፍ መልክ ሊታተም ሲል፣ ለአሳታሚው በጻፈው ደብዳቤ ነፍሳቱ በሽፋኑ ላይ እንዳይሳል ለመነ፤ ከሩቅ እንኳ መታየት የለበትም አለ። በሽፋኑ ላይ የወጣውም ከተከፈተ በር ፊት በእጆቹ ፊቱን የሸፈነ ሰው ነው። ስለ ሜታሞርፎሲስ የሚሠራ ቪዲዮ ሁሉ ግን የመጀመሪያ ሥራው ስድስት እግር ያለው ነፍሳት በአልጋ ላይ መሳል ነው፤ በዚህም አንባቢው እየገነባና እያፈረሰ ሊሄድ የሚገባውን ነገር በሦስት ሴኮንድ ይዘጋበታል።

እኔ ስለ መጽሐፉ በሠራሁት ቪዲዮ የመረጥኩት ክፍሉን ብቻ ማሳየት ነበር፣ ያውም ከወለል ከፍታ። ሰው ሆኖ ተኝቶ ነፍሳት ሆኖ የነቃ ሰው መጀመሪያ ምን ያስባል ብሎ ትረካው ይጠይቃል። ተመልካቹ ድንጋጤን፣ ጩኸትን ወይም ጸሎትን ይጠብቃል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ግሬጎር ሳምሳ ግን ስለ ሥራው አድካሚነት ያማርራል፤ ለሌሊቱ አሥር ሰዓት የተሞላው የማንቂያ ደወል ሳይቀሰቅሰው ቀርቶ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደሆነ ሲያይም የሚያስጨንቀው ያመለጠው ባቡር ነው። የጠበቅነውና ያገኘነው ያልተገናኙበት ይህ ክፍተት የካፍካ ጥበብ ዋና ቦታ ነው፣ ተመልካቹም ክፍተቱን የሚያየው መጀመሪያ የጠበቀው ነገር ካለ ነው። ወደ በኋላም ሌላ ተመሳሳይ ቦታ አለ፦ እኅቱ ግሬቴ እንደ ልቡ እንዲሳብ ብላ የቤት ዕቃዎቹን ከክፍሉ ልታወጣ ትፈልጋለች፣ እናቱ ደግሞ ዕቃው ከወጣ የመዳኑን ተስፋ የቆረጥን ያስመስላል ብላ ትቃወማለች። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። እዚህ ላይ ትረካውን አቁሜ የማንን ሐሳብ እንደሚደግፍ ተመልካቹን እጠይቀዋለሁ፤ ግሬጎር በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሥዕል ላይ ሲለጠፍ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

የደራሲውን ቃል በማነብበት ጊዜ ደግሞ ከተለመደው የሙያ ምክር እወጣለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር በመልቲሚዲያ ትምህርት ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ ተራኪው የሚናገረውን ያንኑ ቃል በስክሪን ላይ መጻፍ ትምህርቱን እንደሚጎዳ አሳይቷል፤ ዓይንና ጆሮ አንዱን ነገር በተለያየ ፍጥነት ሲከታተሉ ይጋጫሉና። በታሪክ ቪዲዮ ይህን እከተላለሁ። የልብ ወለድ ዓረፍተ ነገር ግን መረጃ ሳይሆን ራሱ የሚጠናው ነገር ስለሆነ፣ ጽሑፉን በስክሪን ላይ አድርጌ ዝም እላለሁ፤ ሁሉም በራሱ ፍጥነት ያንብብ። ዝምታ ተመልካች ያባርራል ይባላል፣ የተመልካች ቆይታን የሚያሳየው ግራፍም አንዳንዴ ይህን ያረጋግጣል። ለእኔ ግን ለማንበብ አምስት ሴኮንድ የማይታገሥ ሰው ስለ ሥነ ጽሑፍ የሚወስደው ነገር መኖሩ ያጠራጥረኛል።

የጨዋታ ሕግ ራሱ ሐሳብ ሊናገር እንደሚችል ለማሳየት የማነሣው የአሜሪካዊቷን የጨዋታ ንድፍ አውጪ የኤሊዛቤት መጊን ሥራ ነው። በ1904 የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘችበት የባለርስት ጨዋታ የሄንሪ ጆርጅን የመሬት ግብር ሐሳብ ለማስተማር የታሰበ ነበር፤ በኋላም ሀብት ሲፈጠር ሁሉም የሚጠቀሙበትንና አንዱ ሌሎቹን የሚያራቁትበትን ሁለት ዓይነት ሕግ በአንድ ሰሌዳ ላይ አቀረበች። ዓለም የወደደው ሁለተኛውን ነው፤ ከእርሷ ጨዋታ የተወለደው ሞኖፖሊ በ1935 በፓርከር ብራዘርስ አማካይነት ገበያ ሲገባ ወቀሳው መዝናኛ ሆኖ ነበር። ለዚህ ቪዲዮ ብዙ ማስጌጥ አያስፈልገውም፣ ሁለቱን ሕጎች አንድ በአንድ ማጫወት በቂ ነው።

አሁን በእጄ ያለው ስክሪፕት ሦስቱንም የሚያገናኝ ነው። የፕሩሺያው የመድፈኛ መኮንን ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ አባቱ የጀመሩትን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ በ1824 ሕጎቹን አሳተመ። ጨዋታው በ1፡8,000 መስፈርት በተሠራ ካርታ ላይ ይካሄዳል፣ እያንዳንዱ ዙር የሁለት ደቂቃ ውጊያን ይወክላል፣ የጉዳቱ መጠን ዳይስ በመወርወር ይወሰናል። የንድፉ ብልሃት ግን ዳኛው ነው፦ ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ይሰጡታል፣ እርሱም ለእያንዳንዱ ወገን የራሱ ወታደሮች ሊያዩ የሚችሉትን ብቻ ያሳየዋል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የምንሠራው የጦርነት ቪዲዮ ደግሞ ሁለቱንም ሠራዊት በቀይና በሰማያዊ ቀስት ከሰማይ ላይ ያሳያል፣ ማለትም የትኛውም አዛዥ አይቶት የማያውቀውን ነገር ለተመልካቹ በነጻ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ አዛዦቹን እንደ ሞኝ ቢቆጥራቸው ሊገርመን አይገባም።

ስለዚህ ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሎን ውጊያ በራይስቪትስ መንገድ ልሠራው ነው፣ ከናፖሊዮን አዛዦች አንዱ በነበረው በማርሻል ግሩሺ በኩል። ጁን 18 ቀን 1815 ግሩሺ ወደ 33,000 የሚጠጋ ወታደር ይዞ የሚያፈገፍጉትን ፕሩሺያውያን እንዲከታተል ታዝዟል። ወደ ቀትር ገደማ ከምዕራብ የመድፍ ድምፅ ሰማ። ጄኔራል ዤራር ወደ ድምፁ እንሂድ አለው፤ መንገዱ በሌሊቱ ዝናብ ጭቃ ሆኗል፣ በእጁ ያለው ትእዛዝ ደግሞ ተከታተል የሚል ነው። ካርታው እስከዚህ ድረስ የሚያሳየው እርሱ የሚያውቀውን ብቻ ነው፤ ምዕራቡ ተሸፍኗል፣ የመድፉ ድምፅ ግን ይሰማል። ትረካው የሚቋረጠውም እዚህ ላይ ነው።

ግሩሺ በትእዛዙ ጸንቶ ወደ ዋቭር ቀጠለ፤ ናፖሊዮን ወደ እርሱ እንዲመጣ የላከው መልእክት እጁ የገባው ከሰዓታት በኋላ፣ ሊጠቅም በማይችልበት ጊዜ ነው። ካርታው ሲገለጥ ተመልካቹ የፕሩሺያ ጦር አብዛኛው ክፍል አምልጦት ወደ ዋተርሎ መሄዱን ያያል። ግሩሺ ጥፋተኛ ነው የሚሉትንም፣ በዚያ ጭቃ ቢሄድም በጊዜ አይደርስም ነበር የሚሉትንም አቀርባለሁ፤ ግን ይህ ክርክር ወደ ቪዲዮው የሚገባው ተመልካቹ «እሄዳለሁ» ወይም «አልሄድም» ብሎ ከወሰነ በኋላ ነው። አኒሜሽኑን የሚሠራልኝ ባልደረባዬ የተሸፈነው ካርታ ቢያንስ በሥሡ ይታይ ይላል፣ ባዶ ስክሪን ስንፍና ይመስላል ብሎ ይሠጋል። እስካሁን አልተስማማንም።